ኮከብ ስትሰጥ ትመሰክራለህ

ልጄ ሆይ፣

በስልክህ ገዝተህ በስልክህ የምትሸጥበት ዘመን ላይ ደርሰሃል። ሻጩን በዓይንህ አላየኸውም፤ እሱም አንተን አያውቅህም። ገንዘብህን የምትልክለት ከስሙ ጎን የተደረደሩትን ኮከቦችና ከሥራቸው የተጻፉትን ሁለት ሦስት መስመሮች አምነህ ነው። እነዚያን ኮከቦች ማን እንደ ሰጣቸው፣ ማን ፈርቶ እንደ ተዋቸው፣ ማንስ እንደሚነግድባቸው ሳታውቅ ወደዚህ ገበያ እንድትገባ አልሻም።

ነገሬ አንድ ነው። ስለ ሻጭ ወይም ስለ ገዢ አስተያየት የሚጽፍ ሰው ምስክር ሆኖ ቆሟል፤ ቃሉ የሌላውን ሰው እንጀራ ይነካል። ምስክር ደግሞ ሲፈራም፣ ሲደለልም፣ ሲያፍርም እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ የዚህ ገበያ ፍትሕ በሁለት ነገር ይለካል፦ ምስክሩ ሳይፈራ መናገር በመቻሉ፣ የተመሰከረበትም መልስ መስጠት በመቻሉ። ምክሮቼ ሁሉ ከዚህ ይነሣሉ። የውጭ አገር ነገር ሳነሣ ዓመቱን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በል።

1. የነበረ ይናገር

ይህን የአስተያየት ሥርዓት በዓለም ያስታወቀው ሰዎች በጨረታ የሚገበያዩበት የኢንተርኔት ገበያ፣ ኢቤይ ነው። ፒየር ኦሚድያር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ ገበያውን ሲከፍት፣ ቅር የተሰኙ ሰዎች አቤቱታቸውን ለእሱ ይጽፉ ነበር። ሁሉን አቤቱታ አንድ ሰው ሊዳኘው ስለማይችል፣ በ1996 መጀመሪያ ላይ ገበያተኞች በአደባባይ የሚመሰጋገኑበትንና የሚወቃቀሱበትን መድረክ አበጀ። ለምስጋና አንድ ነጥብ ይደመራል፤ ለወቀሳ አንድ ነጥብ ይቀነሳል፤ መካከለኛ አስተያየት ድምሩን አይለውጥም። ድምሩ ከሰውየው መለያ ስም አጠገብ ይጻፋል፤ አሥር ሲሞላ ቢጫ ኮከብ ይወጣለታል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተገበያይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ ፈለገው ሰው መጻፍ ይችል ነበር። ወዳጅ ወዳጁን ለማንሣት፣ ተፎካካሪም ተፎካካሪውን ለመጣል በሩ ክፍት ነበር። ኋላ ላይ ግን አስተያየት መስጠት የሚችለው በእርግጥ የገዛና የሸጠ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። አባቶቻችን «የነበረ ይናገር፣ ያየ ይመስክር» ያሉት ይህንኑ ነው። አንተም አስተያየት ስታነብ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ይሁን፦ የጻፈው ሰው ዕቃውን ገዝቷል ወይስ ስሙን ብቻ ሰምቷል? ራስህም ያልገዛኸውን አታመስግን፤ ያልደረሰብህንም አትውቀስ።

2. ፍርሃት የወለደውን ምስጋና አትመን

ይህን ምክር ረጋ ብለህ አንብበው፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው።

እስከ 2008 ድረስ በኢቤይ ገዢውም ሻጩም አንዱ ሌላውን ማመስገን ወይም መውቀስ ይችሉ ነበር። ላይ ላዩን ሲያዩት ሁለቱን እኩል ያደረገ ይመስላል። ሲሠራበት ግን ብዙ ሻጮች አስተያየታቸውን ይዘው መጠበቅ ለመዱ። ገዢው ካመሰገነ ያመሰግኑታል፤ ከወቀሰ ይወቅሱታል። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ፣ የተሰበረ ዕቃ ደርሶትም ቢሆን የራሱን ስም ላለማጉደፍ ዝም ይላል፤ ወይም «በጣም ጥሩ ሻጭ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይህ ነው።

ፖል ሬስኒክና ሪቻርድ ዜክሃውዘር የተባሉ ምሁራን የ1999ን የኢቤይ ግብይት መርምረው ነበር። ከገዢዎቹ አስተያየት የሰጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ ከተሰጠውም አስተያየት 99 በመቶው ምስጋና ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ገዢ 99ኙ የሚደሰትበትን ገበያ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ከተደሰቱት ጋር የፈሩትና ዝም ያሉትም እንደ ነበሩ አስብ።

ኢቤይ በግንቦት 2008 ሻጮች ገዢዎችን መውቀስ እንዳይችሉ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ሻጭ ለገዢ የሚሰጠው ምስጋና ብቻ ነው፤ አለዚያ ዝም ይላል። ብዙ ሻጮች ተቆጡ፤ ለውጡ ገና ከመጽናቱ በፊት በየካቲት ወር ዕቃቸውን ከገበያው አውጥተው ያደሙም ነበሩ። ቁጣቸው ከንቱ አልነበረም፤ ጨረታ አሸንፎ የማይከፍል፣ የደረሰውን «አልደረሰኝም» የሚል ገዢ አለ። ሆኖም ውጤቱ ምን ሆነ? ሦስት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ከለውጡ በኋላ የገዢዎች እርካታ እንደ ጨመረ አሳዩ። የጨመረውም በዋናነት መጥፎዎቹ ሻጮች ከገበያ ስለ ወጡ አልነበረም፤ እዚያው የቀሩት ሻጮች አሠራራቸውን ስላሻሻሉ ነው። ሰው ስለ እሱ እውነት እንደሚነገር ሲያውቅ ይጠነቀቃል።

ከዚህ የምትወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ ለሁለት ወገን አንድ ዓይነት ዱላ ማስታጠቅ ፍትሕ ላይሆን ይችላል። በዚህ ገበያ ዕቃውን ሳያይ አስቀድሞ የሚከፍለው ገዢ ነው፤ የሚበልጠውን አደጋ የተሸከመ ሰው አፉ ሊታፈን አይገባም።

3. የተመሰከረበትም ይሰማ

ይህን ስል ሻጩ አንገቱን ደፍቶ ይቀጣ ማለቴ አይደለም። የአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ በእኛም ዘንድ ነውር ነው። ሻጭ ስትሆን መብትህን እወቅ፦ ለተጻፈብህ ወቀሳ ከሥሩ በአደባባይ መልስ መጻፍ ትችላለህ። ጥፋቱን ካስተካከልክ ገዢው አስተያየቱን እንዲለውጥ በኢቤይ በኩል መጠየቅ ትችላለህ፤ እሱም እንዲያስብበት ቀናት ይሰጡታል። የማይከፍሉህን ገዢዎች ሁለተኛ ከአንተ እንዳይገዙ ማገድም ትችላለህ። ዕቃውን ከማሸግህ በፊት ፎቶ አንሣ፤ የመከታተያ ቁጥር ያለው መላኪያ ተጠቀም፤ ከገዢው ጋር የምትነጋገረውን በገበያው መልእክት መቀበያ ውስጥ ብቻ አድርግ። ክርክር ሲነሣ የሚያድንህ ይህ ማስረጃ ነው።

ገዢ ስትሆን ደግሞ «ግማሽ ገንዘቤን ካልመለስክ አንድ ኮከብ እሰጥሃለሁ» የሚል ቃል ከአፍህ አይውጣ። ይህ ምስክርነትን መያዣ አድርጎ ገንዘብ መጠየቅ ነው። ኢቤይም በደንቡ ይከለክለዋል፤ ሻጩም በበኩሉ ምስጋናን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ እንዲጠይቅህ አይፈቀድለትም። ገንዘብህ እንዲመለስ መጠየቅ መብትህ ነው። አስተያየትህ ግን ቢመለስልህም ባይመለስልህም ያው እውነት መሆን አለበት።

ሁለቱም ወገን ሳይፈሩ የሚናገሩበት ሌላ ዘዴም አለ። ቤት ለእንግዳ የሚከራይበት ኤርቢኤንቢ ከ2014 ጀምሮ እንግዳውና ቤት አከራዩ ሁለቱም ጽፈው እስኪያበቁ ድረስ አንዱ የሌላውን እንዳያይ አድርጓል። ሁለቱም ሲጽፉ፣ ወይም ለመጻፍ የተሰጠው 14 ቀን ሲያልቅ፣ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። አይቶ መበቀል አይቻልም። ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው በሚመሰክሩበት ቦታ ሁሉ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም።

4. ከመውቀስህ በፊት ጠይቅ

ዕቃው ሲዘገይ ወይም ተሰብሮ ሲደርስ ወዲያው ኮከብ ለመንሣት አትቸኩል። ጊዜ አለህ። በኢቤይ አስተያየት ለመስጠት 60 ቀን፣ ዕቃው እንደ መግለጫው ካልሆነ ደግሞ ገንዘብህን ለመጠየቅ ከደረሰህ ቀን አንሥቶ 30 ቀን ይሰጥሃል። አስቀድመህ ለሻጩ ጻፍለት፤ መልስ የሚሰጥበትም ቀን ስጠው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነም ለይ። ዕቃው ከአሜሪካ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ጉምሩክ ላይ ቢቆይ፣ በሰዓቱ ፖስታ ቤት ያደረሰው ሻጭ ምን በደለ? የጫማውን ቁጥር ሳታነብ ያዘዝከው አንተ ከሆንክስ? ኢቤይ በ2007 ገዢው አራት ነገሮችን ለየብቻ እንዲመዝን ማድረጉ ለዚህ ይጠቅማል፦ ዕቃው እንደ መግለጫው መሆኑን፣ የሻጩን መልስ አሰጣጥ፣ የመላኪያውን ፍጥነትና የመላኪያውን ዋጋ። ሌላ ገበያ ላይ ስትሆንም እነዚህን በልብህ ለይተህ መዝን፤ የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ አትጫን።

5. ለሚቀጥለው ገዢ ጻፍ

አስተያየት ስትጽፍ ንዴትህን ለመወጣት አትጻፍ። የምታነብልህ ምናልባት የወር ደመወዟን አጠራቅማ ለልጇ ስልክ የምትገዛ እናት ናት፤ ለእሷ የሚጠቅማትን ንገራት። «ሌባ ነው፣ እንዳትገዙ» የሚለው ቃል ለማንም ምንም አይነግርም፤ ተጽፎ ከወጣ በኋላም አይመለስም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይልቅ እንዲህ በል፦ «መግለጫው አዲስ ይላል፤ የደረሰኝ ግን ጀርባው የተቧጨረ ነው። ጻፍኩለት፤ በሦስተኛው ቀን ገንዘቤን መለሰልኝ።» እዚህ ውስጥ ጥፋቱም አለ፣ ሻጩ ያደረገው መልካም ነገርም አለ። አንባቢው ራሱ ይፈርዳል።

ጥሩ ሲሆንም ጻፍ። የተናደደ ሰው ሳይጠሩት ይናገራል፤ የተደሰተ ግን ዕቃውን ተቀብሎ ይሄዳል። በዝምታው የሚጎዳው ሐቀኛው ሻጭ ነው።

6. ቁጥሩን እንደ ነጋዴ አንብብ

20 አስተያየት ያለው ሻጭ አንድ ወቀሳ ቢያገኝ ወደ 95 በመቶ ይወርዳል። 2,000 ያለው ሻጭ ያው አንድ ወቀሳ ቢደርስበት 99.95 በመቶ ላይ ይቆያል። በደሉ አንድ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በአዲሱ ላይ ይከብዳል። ስለዚህ አዲስ ሻጭ ስትመዝን መቶኛውን ብቻ አይተህ አትለፍ፤ ወቀሳውን ከፍተህ ምን እንደሆነ አንብብ። ትልቁም ሻጭ ጋ ስትሄድ በቅርብ ወራት የተጻፈውን ለይተህ እይ፤ የቀድሞ መልካም ስም የዛሬን ስንፍና ይሸፍናልና። ደግሞም ስሙ የተገነባው በምን ዕቃ እንደሆነ ተመልከት። መቶ ጊዜ የስልክ መሸፈኛ ሸጦ ተመስግኖ ዛሬ ውድ ኮምፒውተር ያቀረበ ሰው፣ ስለ ኮምፒውተሩ ገና የመሰከረለት የለም።

አዲስ ሻጭ ስትሆን ታገሥ። ሬስኒክና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ያው ነጋዴ ተመሳሳይ የቆዩ ፖስት ካርዶችን በታወቀው መለያውና በአዳዲስ መለያዎች ሸጠ። ገዢዎች ለታወቀው ስም 8 በመቶ ያህል አብልጠው ከፈሉ። ይህ ልዩነት የመልካም ስም ዋጋ ነው። አንተም በአነስተኛ ዕቃ፣ በትንሽ ትርፍና በጥንቃቄ ጀምር፤ ስሙ ሲመጣ ዋጋው ይከተለዋል።

7. ኮከብ አትግዛ፤ ለይሉኝታም አትስጥ

ምስክር የሚገዛበት ገበያ አለ። ሻጩ ዕቃውን በነፃ ይሰጥና አምስት ኮከብ ይቀበላል። የኢንተርኔት ገበያው አማዞን ለአስተያየት ተብሎ ዕቃ በነፃ ወይም በቅናሽ መስጠትን በ2016 የከለከለው ለዚህ ነው። ከዚህ የባሰም አለ፦ ሻጩ በማያውቀው ሰው ስም ራሱ ከራሱ ያዝዛል፤ ዕቃው ደረሰ እንዲባል ለዚያ ሰው ርካሽ ነገር በፖስታ ይልካል፤ ከዚያም በሰውየው ስም ራሱን ያመሰግናል። በ2020 አጋማሽ በአሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች ያላዘዙት የአትክልት ዘር ከቻይና በፖስታ ሲደርሳቸው፣ የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ነገሩ ከዚህ ማጭበርበር ጋር የተያያዘ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጿል። «የነበረ ይናገር» የሚለውን ደንብ እንኳ እንዲህ ዞረው ያልፉታል።

ሕጉም እየደረሰበት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሐሰተኛ አስተያየት መግዛትና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊደርስ ይችላል። እዚያ አገር ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ያለህ ልጄ፣ ይህን አትዘንጋ፤ ሠራተኞችና ቤተሰብ ማንነታቸውን ሳይገልጹ የሚጽፉት ምስጋናም በደንቡ ይጠየቃል።

እኛን ግን ከገንዘብ ይልቅ የሚፈትነን ይሉኝታ ነው። የአክስት ልጅ ሱቅ ሲከፍት «አምስት ኮከብ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ለዘመድ አዝማድ ይበተናል፤ ያልሰጠ እንደ ምቀኛ ይቆጠራል። ሰጪው ከሱቁ አንድ ነገር ሳይገዛ «የከተማችን ምርጥ» ብሎ ይጽፋል። ዘመድህን መርዳት ከፈለግህ ሂድና ከሱቁ ግዛ፤ ጉድለቱን ለብቻው ንገረው፤ ደንበኛ አምጣለት። የሐሰት ምስክርነት ግን ዘመድንም አይጠቅምም፤ በኮከቡ ተስቦ የመጣው እንግዳ ያልጠበቀውን ሲያገኝ በእውነተኛ ቁጣ ይጽፋል።

8. ሰውን በመልኩ አትመዝን

ሦስት የሕግና የሥነ ልቦና ምሁራን በኢቤይ የቤዝቦል ካርዶችን አንድ ጊዜ በጥቁር እጅ፣ አንድ ጊዜ በነጭ እጅ ተይዘው በሚታዩበት ፎቶ አቅርበው ነበር። በ2015 የታተመው ጥናታቸው እንደሚለው በጥቁር እጅ የተያዙት ካርዶች 20 በመቶ ያህል ባነሰ ዋጋ ተሸጡ። ካርዱ ያው ካርድ ነው። በውጭ አገር የምትነግድ ልጄ ሆይ፣ ይህ ሚዛን መዛባቱን አውቀህ ግባ፤ ዕቃህን በንጹሕ ፎቶ፣ በዝርዝር መግለጫና በፈጣን መልስ አስመስክር። አንተ ስትመዝን ግን በደረሰብህ ሚዛን ማንንም አትመዝን፤ በሻጩ ስም ከየትኛው ብሔር ወይም ከየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ገምተህ ኮከብ የምትነሣ ከሆነ በደሉን አስቀጥለኸዋል።

የምትሰጠው ኮከብ በየገበያው ምን ማለት እንደሆነም እወቅ። በኡበርና በሊፍት በሹፌርነት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አማካይ ነጥባቸው ወደ አምስት የተጠጋ እንዲሆን ይጠበቅባቸዋል፤ ከዚያ በጣም የወረደ ሹፌር ሥራውን ሊያጣ ይችላል። «ጥሩ ነበር» ብለህ የሰጠኸው ሦስት ኮከብ ለእሱ ከባድ ወቀሳ ነው።

9. ምስክሩን ሻጩ ሲመርጥ ተጠንቀቅ

አገር ቤት ብዙው ግብይት በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይልሃል። ከዕቃዎቹ መካከል የደንበኞች ምስጋና በስክሪንሾት ተለጥፎ ታያለህ። ልብ በል፦ የትኛው ምስጋና እንደሚለጠፍ የመረጠው ሻጩ ነው፤ የወቀሰውን ደግሞ አጥፍቶ ሊያግደው ይችላል። አስተያየት መስጫው ተዘግቶ ምስጋና ብቻ የሚታይበት ቻናል ምስክር የሌለው ቻናል ነው። እንደዚህ ካለው ስትገዛ ዕቃው ሲደርስህ አይተህ ክፈል፤ ቅድሚያ ክፍያ አትላክ፤ ከእሱ የገዛ የምታውቀው ሰው ፈልግ፤ የሱቁን አድራሻና ንግድ ፈቃዱን ጠይቅ። የከፈልክበትንና የተጻጻፍክበትን አስቀምጥ። አገራችን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም አላት፤ መብትህን ስትጠይቅ ማስረጃ ይዘህ ቅረብ።

የቻናል ባለቤት ከሆንክ ደግሞ አስተያየት መስጫውን ክፈተው። ወቀሳ ሲመጣ አታጥፋው፤ ከሥሩ «ስሕተት ነበር፤ ቀይረንላቸዋል» ብለህ መልስ። የተስተካከለ ጥፋት በግልጽ የሚታይበት ሱቅ፣ ምስጋና ብቻ ከተደረደረበት ሱቅ ይልቅ ይታመናል።

10. ሲካስህ ቃልህን አድስ

የበደለህ ሻጭ ዕቃውን ከቀየረልህ ወይም ገንዘብህን ከመለሰልህ፣ የጻፍከውን ወቀሳ ተመልሰህ አድስ። የሆነውን አትሰርዝ፤ የተደረገልህን ጨምርበት።

ልጄ፣ ኢቤይም ሆነ አማዞን፣ ወይም ነገ እዚህ የሚከፈተው ገበያ፣ ደንቡን ሊያሻሽል ይችላል፤ ያለ ሐቀኛ ምስክር ግን የትኛውም ደንብ አይሠራም። የገዛኸውን በትክክል መስክር፤ ስለ አንተ የተመሰከረውንም በትዕግሥት ስማ። «ላክ» የሚለውን ከመጫንህ በፊት አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፦ ይህን ቃል ሰውየው ፊቴ ቆሞ ቢሆን እናገረው ነበርን? መልስህ አዎ ከሆነ ጻፈው፤ ካልሆነ ተወው። አደራ።